ፍርሃቴ የመረጠው ደን

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ባቡር ስሳፈር ከበሩ አጠገብ ነው የምቆመው። ባሌ ከሥራ አሥር ደቂቃ ከዘገየ ስልኬ ከእጄ አይወርድም። ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማችን በር ላይ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ ሦስተኛውን እኔ ነኝ ያስገጠምኩት። ታዲያ ከሴት ሁሉ መርጦ እኔን ያገባ ይህ ሰው፣ ባለፈው ዓመት አዳኝ ካልሆንኩ አለ።

ጥፋቱ የሥራ ባልደረባው ነው። ባሌ የሚሠራው ኤቨረት ከተማ፣ አንድ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እዚያ በምሳ ሰዓት ስለ አጋዘን እንጂ ስለ ሌላ የማያወራ ሰው ተዋወቀ። መጀመሪያ የተነሣው የጠመንጃ ነገር ነበር። «ጠመንጃ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚሁ በር እወጣለሁ» አልኩት። የምሬን እንደሆነ ስለገባው አልተከራከረኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀስት ይዞ መጣ። እኔ የጠበቅኩት እንጨትና ጅማት ነበር፤ ይሄ ግን መዘውሩ ብዙ፣ ገመዱ ብዙ፣ የተገነጠለ ብስክሌት ነው የሚመስለው። በጋውን ሁሉ ከሥራ መልስ ኢላማ መምቻ ሜዳ እየሄደ ተለማመደ። ማታ ማታ ትከሻውን በቅባት የማሸው እኔ ነበርኩ፤ እያሸሁም እነዘንዘው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ጥያቄው የት ይታደናል የሚል ሆነ።

«ስሚ፣ ነጩ የግለሰብ ነው፤ እዚያ እግርሽን ካስገባሽ ጣጣ ነው» አለኝ፣ የስልኩን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ። «ሰማያዊው የስቴቱ ነው፣ አረንጓዴው የፌዴራል። ሶ፣ ሁለቱ ፐብሊክ ናቸው። ፈቃድ ያለው ሁሉ ያድናል። የሕዝብ ማለት የኔም ነው ማለት ነው።»

«ለሕዝቡ ነግረኸዋል?» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጥቁር ሰው ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ቢላና ቀስት ይዞ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ሲል የሚያይ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስብ እያሰብኩ ነበር። ድብ እፈራለሁ፤ ገደልም እፈራለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን የምፈራው ሰው ነበር። «ቦታውን እኔ ነኝ የምመርጠው» አልኩት። እሱም እንድረጋጋለት ብሎ ስልኩን ወደ እኔ ገፋልኝ።

እሱ የወደደው አንድ ሰፊ ለጥ ያለ ቦታ ነበረው። ዛፉ ከዓመታት በፊት ተቆርጦ እንደገና ቁጥቋጦ ያበቀለበት ሜዳ ነው፤ አጋዘን ለጋ ቅጠል ፍለጋ ይወጣበታል፣ ሰው ደግሞ አርቆ ያያል። ግን መኪና ከቆመበት የአንድ ሰዓት እግር መንገድ ነው፤ ስልክም አይሠራም። አይሆንም አልኩ። ሁለተኛው ቦታ መግቢያው አጠገብ ቤቶች አሉ፤ በመንገድ ፎቶው አጉልቼ ሳየው አጥሩ ላይ «ዘወር በል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ። እሱም ቀረ። ሦስተኛው ላይ ድብ ያየ ሰው ጽፎ አገኘሁ። አራተኛው አሮጌ የድንጋይ ካባ አጠገብ ነው፤ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃ ሊለማመዱ ይመጣሉ ይላል። ይህን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለት ነበር። ልጃችን ከክፍሏ ወጥታ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለችና «ማም፣ ኢትስ ጀስት ደር፤ አጋዘን እኮ ነው» ብላኝ ተመለሰች።

በመጨረሻ የመረጥኩት በሁለት መንገድ መካከል ያለች ቀጭን ሰማያዊ ቁራጭ ነበረች። ትንሽ ናት፤ ብዙ ርቆ የሚሄድበት የለም። በአንድ በኩል ጠጠር መንገድ፣ በሌላው በኩል ጅረት። መኪና የሚቆምበት በር ላይ ስልክ ይሠራል። ባሌ ካርታውን አየና «ወደ ጅረቱ በኩል ዳገት ነገር አለው» አለ። «ወደ ጅረቱ አትሂዳ!» አልኩት። ኦኬ ብሎ ተወው።

ያኔ ነው ሌላውን ነገር ያነሣው። «ከመታሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ማለት አለብኝ። ወዲያው አይከተሉትም። ካልተከተሉት ቅርብ ቦታ ሄዶ ይተኛል፤ እዚያው ያልፋል።»

«እና ሞቶ ያገኘኸውን ነው ተሸክመህ የምታመጣልኝ?»

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን መናገር አለብኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እኛ ዘንድ እንስሳ በሕይወት እያለ፣ በስመ አብ ተብሎ፣ በቢላ ይታረዳል፤ ሳይታረድ የሞተ ጥንብ ነው። ለበዓል ገጠር ወርደን ከገበሬ በግ ገዝተን እዚያው አርደን የምንመለሰውም ለዚህ ነው። ባሌ ጴንጤ ነው፤ ለሱ ሥጋ ሥጋ ነው። ስንጋባ ግን ከአንድ ማዕድ እንድንበላ ብሎ የኔን ደንብ ተቀበለ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም። እኔም ይህን እንደ መብቴ ቆጠርኩት።

«በነፍሱ ካልደረስክበት እዚያው ተወው» አልኩት። «ያልታረደ አልበላም፤ አንተም እዚህ ቤት አትበላም።»

«እሺ» አለ። «በስመ አብ ብዬ አርድልሻለሁ።» ጴንጤው ባሌ ይህን ሲል ደስ አለኝ፤ ግንባሩን ሳምኩት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ደኑ መግቢያ በር ላይ ደረስን። ቤት ተቀምጬ መጠበቅ ስለማልችል አብሬው መጣሁ፤ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብዬ። ጉም ነበር። ዛፎቹ ካርታው ላይ ካየኋቸው ይልቅ በጣም ረጃጅምና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ማዶ ምንም አይታይም። የሚቀመጥበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ስልኬ ላይ ላከልኝ። «በየሰዓቱ ቴክስት አደርጋለሁ። በሩን ሎክ አድርጊ» አለና ቀስቱን ይዞ ገባ። ጀርባው ለጥቂት እርምጃ ታየኝ፤ ከዚያ ዛፉ ዋጠው።

በፈረንጅ ሰዓት ሰባት ከአርባ ሲል ስልኬ ጮኸ። «መታሁት! እየሮጥኩ ነው፣ በነፍሱ ልድረስበት» ይላል።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ያ ሁሉ ሥጋት ለአፍታ ለቀቀኝ። ልጃችንን ኮል ላደርግላት አሰብኩና ቅዳሜ ነው ትተኛ ብዬ ተውኩት። አሥራ አምስት ደቂቃ አለፈ። አርዶ ጨርሷል፣ አሁን እየገፈፈ ነው ብዬ አሰብኩ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። «አገኘኸው?» ብዬ ጻፍኩ፤ መልእክቱ አልደረሰውም። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ሲሆን እንደገና ደወልኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ስሙን ጠራሁ፤ ጉሙ ድምፄን እዚያው ነው ያስቀረው።

አንድ ፒካፕ መኪና የመጣው ያኔ ነው። ጭቃ የለበሰ፣ ትልቅ፣ የኋላ መስታወቱ ላይ ስቲከር የተለጣጠፈበት። በምርጫዬ ሁሉ የሸሸሁት መኪና ይኸው ነበር። ከኋላዬ ቆመ። ጢሙ የነጣ፣ የደን ልብስ የለበሰ ሰውዬ ወረደ። ቆሞ መኪናዬን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሎክ ያደረግኩትን በር እንደገና ሎክ አደረግኩ። መውጫዬን ዘግቶብኛል። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከማንም ጋር ያልሆነ ወሬ በአማርኛ አወራ ጀመር፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ እንዲያስብ።

ሰውዬው ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ርቆ ቆመ፤ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ መዳፉን አሳየኝ። «ላስደነግጥሽ አይደለም። ስትጣሪ ሰማሁ። ሁሉ ደኅና ነው?»

መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈትኩ። ባሌ ደን ውስጥ ነው፣ አጋዘን መታሁ ብሎ ከጻፈልኝ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ስልኩ አይመልስም አልኩት።

«መትቶ ስንት ደቂቃ ጠበቀ?»

«አልጠበቀም። እየሮጥኩ ነው ብሏል።»

ፊቱ ተለወጠ። «ጀማሪ ነው? ማንም አልነገረውም?»

«ያውቃል» አልኩ። «እንዳይጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ካርታውን አሳዪኝ አለ፤ በጠባቡ ክፍተት ስልኬን አስጠግቼ አሳየሁት። ባሌ የላከውን ምልክት አየ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ ጅረቱ በኩል ወሰደ። «ይህን ቦታ ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«እነዚህ ቀጫጭን መስመሮች ከፍታ ናቸው። ሲራራቁ ሜዳ ነው። እንዲህ ሲጠጋጉ ገደል ነው።» መስመሮቹን አይቻቸው ነበር፤ የካርታው ጌጥ መስለውኝ ነበር። «የተመታ አጋዘን ሲያባርሩት ቁልቁል ነው የሚሮጠው። ባልሽ እዚህ ውስጥ ነው የሚሆነው። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ልፈልገው ልገባ ነው። ትመጪያለሽ ወይስ ትጠብቂያለሽ?»

ከማላውቀው ሰው ጋር፣ በማላውቀው ደን። ይህን ነገር ሌላ ሴት ብትነግረኝ አብደሻል እንዴ እላት ነበር። ከመኪናው ወረድኩ፤ የፒካፑን ታርጋ ፊት ለፊቱ ፎቶ አንሥቼ ለልጄ ላክሁ። ሰውዬው ታርጋው በደንብ እንዲታይ ዘወር አለልኝና «ጥሩ አድርገሻል፤ እኔንም አንሺኝ» አለ። አነሣሁት። ከዚያ ወዲያ ግን በልቤም ቢሆን አንተ ልላቸው አልቻልኩም።

ቀደም ቀደም እያሉ ገቡ፤ እኔ ተከተልኩ። ጉልበት የሚደርሰው ቅጠል ሱሪዬን በአንዴ አረጠበው። ባሌ ተቀምጦበት የነበረው ግንድ ሥር ቦርሳውን አገኘን፤ ውኃውና ዳቦው እንዳለ ነው። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ፍላጻው በደም ተነክሮ መሬት ላይ ወድቋል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቅጠል ቅጠሉን እያዩ መሄድ ጀመሩ። እዚህ ጠብታ፣ እዚያ ጠብታ። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን ቆሙ። ቅጠሉ ክብ ሆኖ ተኝቷል፤ መካከሉ በደም ረጥቧል።

«እዚህ ተኝቶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ተነሥቶ የሄደው ሰው ሲመጣበት ነው። ባይመጣበት ኖሮ ከዚህ አይነሣም ነበር።»

ወጥ ቤቴ ቆሜ የተናገርኩት ነገር መሬት ላይ ተኝቶ አየሁት።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ተቀምጬ እየተንሸራተትኩ፣ ሥር እየያዝኩ ወረድኩ። የጅረቱ ድምፅ ከታች ይሰማል፤ ውኃው ግን አይታይም። አንድ ትልቅ የወደቀ ግንድ፣ እርጥብ አረንጓዴ የለበሰ፣ መንገዱን ዘግቷል። ግንዱ ላይ ሰው የተንሸራተተበት ምልክት አለ። ከሥሩ ደም አለ፤ ጠብታ አይደለም፣ ብዙ ነው። ሽማግሌው በጣታቸው ነክተው አዩት። ወደ ግራ የሚሄድ ደም አለ፤ ወደ ቀኝም የሚሄድ አለ።

«የአጋዘኑ ነው?» አልኳቸው።

ጣታቸውን በቅጠል ጠረጉ።

«የአጋዘኑ ነው ወይ?» ጮህኩ።

«ከኋላዬ ሁኚ» አሉኝ ብቻ፤ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ግንዱን ይዤ ቀረሁ። በሕይወቴ ሁሉ የፈራሁት ነገር ተደምሮ የዚያን ጊዜውን አያህልም። እዚያው ቆሜ ብቀር፣ ባላይ፣ ያላየሁት ነገር ያልሆነ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። ደካማ ነው፤ ግን የሱ ነው። የጴንጤ መዝሙር እያንጎራጎረ ነበር፣ ራሱን ነቅቶ ለማቆየት።

ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ግራ ጭኑን በቀበቶው አሥሮታል፤ ከጉልበቱ በላይ ሱሪው ጥቁር ሆኗል። ቢላው አጠገቡ ወድቋል። የሆነውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እንደደረሰ ወዲያው ሊያርድልኝ ቢላውን ከአፎቱ አውጥቶ በእጁ ይዞ ነው የሮጠው። ከግንዱ ሲወድቅ የገዛ ጭኑ ውስጥ ገባ።

አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሞተብኝ» አለ። «ሳልደርስበት ሞተብኝ። ያውና እዚያ ነው፣ ጅረቱ ዳር። ይቅርታ፣ አላረድኩልሽም።»

ደሙ እየፈሰሰ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ስለ አጋዘኑ ነው። ልመታው ነበር። ይልቅ ሻሼን ፈትቼ ቁስሉ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ተጫንኩት። የአዛውንቶች መንከባከቢያ ነው የምሠራው፤ ደም የሚቆመው በመጫን እንደሆነ በየዓመቱ ያስተምሩናል። የተማርኩት በላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ነበር፤ አሻንጉሊቱ አይሞቅም።

ሽማግሌው ጃኬታቸውን አለበሱት። «ስልክ የሚሠራበት ወጥቼ እርዳታ እጠራለሁ። እጅሽን እንዳታነሺ። ቢለምንሽም እንዳታነሺ» ብለውኝ ዳገቱን ወጡ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ አላውቅም። የሚፈስሰው ደም ይቁም አይቁም ለማየት ሻሹን ማንሣት አልችልም፤ ስለዚህ ፊቱን ነበር የማየው። ከንፈሩ ነጥቶ ነበር። ዓይኑ ሲከደን እጮህበታለሁ፤ ሲከፍት ደግሞ እሰድበዋለሁ። «ማን ሩጥ አለህ?» አልኩት፤ ማን እንዳለው እያወቅኩ። «አንቺን ደስ እንዲልሽ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ መሳደብ አልቻልኩም። በልቤ እመቤቴን ለመንኳት፤ እሱ ጌታ ሆይ ይላል። ክንዴ ዛለ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ብተወው ይሞታል የሚለው ሐሳብ ብቻ ነው እጄን እዚያ ያቆየው።

ሰዎቹ ገመድና ቃሬዛ ይዘው መጡ። ከእጄ ላይ ሲረከቡኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቋቸው። ሆስፒታል ሐኪሟ ቢላው ትልቁን የደም ሥር ለጥቂት እንደሳተው በሁለት ጣቷ አሳየችኝ። በጣቶቿ መካከል ብርሃን እንኳ በደንብ አያልፍም።

አጋዘኑን ሽማግሌው ወሰዱት። ሥጋ ደን ውስጥ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው፤ ባሌ ቃሬዛው ላይ እንዳለ አጋዘኑን የሚያስረክብበትን ወረቀት ፈረመላቸው። የኛን አድራሻም ጻፈላቸው። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሦስቱንም ቁልፍ ከፈትኩ። ሽማግሌው ትልቅ የበረዶ ሣጥን ተሸክመው ቆመዋል፤ ሥጋው በየብልቱ ተለይቶ፣ ተጠቅልሎ፣ እያንዳንዱ ላይ የትኛው ብልት እንደሆነ ተጽፎበታል።

ባሌ ሶፋው ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተጋድሟል። ቶሎ ብሎ በእንግሊዝኛ «በጣም እናመሰግናለን፣ ግን እርስዎ ይውሰዱት፤ እኛ ቤት...» ብሎ ጀመረና ወደ እኔ አየ። እኔ እንዳላፍር ሰበብ ሊፈጥርልኝ ነው። ያ ፊት ደን ውስጥ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ያየሁት ፊት ነው።

ሣጥኑን ከእጃቸው ተቀበልኩ። «ይግቡ፤ ምሳ በልተው ነው የሚሄዱት» አልኳቸው።

ከበረዶው አንዱን አወጣሁ። ሽንኩርት ከተፍኩ። እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር? አውቀዋለሁ፤ አሁንም እፈራዋለሁ። ጥብሱን በትሪ ለሁለቱ አቀረብኩና ለራሴ ሽሮ ይዤ ከባሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በሹካ መብላት ጀመሩ። ባሌ እጁን አልዘረጋም።

«አንቺስ?» አለኝ በአማርኛ።

«እኔ አልበላም» አልኩት። «ዕድሜዬን ሁሉ አልበላሁም፤ አሁንም አልችልም። አንተ ግን ብላ። ከእንግዲህ ስትመታ ቁጭ በል፣ ግማሽ ሰዓት አይደለም፣ ቀኑን ሙሉም ቢሆን። ይሙት። አንተ እንዳትሮጥ።»

እንጀራውን ቆርሶ ጠቀለለ፤ ጉርሻውን አፉ ድረስ አድርሶ ቆመና «ደስ ይልሻል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ብላ አልኩህ» አልኩት፤ ሲያኝክ ዓይኔን ከፊቱ ላይ አላነሣሁም።